ሪፈሩ ወደ ታችም ይውረድ

ለጤና ሚኒስቴር እና ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር

የተከበራችሁ የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር እድር ሰብሳቢ ነኝ። ደብዳቤውን ለሁለታችሁም ያደረግሁት፣ ለአንዳችሁ ብቻ ብጽፍ «ይሄ እኛን አይመለከትም» እንዳልባል ነው።

አምና ጧሪ የሌላቸው አንዲት ጎረቤታችን ስትሮክ መቷቸው ሆስፒታል ተኙ። በሕክምናው ቅሬታ የለንም፤ ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን አትርፈዋል። ከዚያ ተሻላቸው ተብሎ በታክሲ ወደ ቤት ተላኩ። በእጃቸው የያዙት አንድ ፌስታል ነው፤ ውስጡ የቀጠሮ ካርድ፣ ጥቂት ኪኒንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመውጫ ወረቀት። የሽንት ቱቦ እንደተገጠመላቸው የነገረን የለም። እሳቸውም አፍረው ከጋቢያቸው ሥር ደብቀውት ኖሮ፣ ያወቅነው ትኩሳት ይዟቸው ሲንቀጠቀጡ ነው። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው በእግር የሚደረስበት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የሰማች ዕለት መጥታለች፤ ችግሩ የሰማችው ከእኛ መሆኑ ነው።

ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2002 ዓ.ም. ለከተማውም ነርሶች ተመድበውለታል። የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሴፍቲኔቱም ሠርተው ማደር ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ጤና ጣቢያ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ሲልክ ሪፈር ይጽፋል። ሆስፒታሉ ሲያስወጣ ግን በእኛ ሰፈር ለጤና ጣቢያው የሚደርሰው ነገር የለም፤ ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይማ ጭራሽ። የስም ዝርዝሮቹም አይተዋወቁም። እኒህ እናት በሴፍቲኔት ታቅፈው እያለ፣ ለጤና መድን ደግሞ አቅም እንደሌላቸው የሚያስረዳ ወረቀት አምጡ ተባሉ። ወረቀቱ የሚጻፈው እዚያው ወረዳ፣ ሌላ ፎቅ ላይ ነው! ደረጃውን የወጣንላቸው እኛ ነን።

የምንጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ሆስፒታል አስታማሚ የሌለውን ሰው ከማስወጣቱ በፊት ለጤና ጣቢያውና ለወረዳው ይደውል። ቱቦው መቼ እንደሚቀየር፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ታማሚው ወይም ጎረቤቱ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ወረዳውም ስልኩን የሚያነሳ ሰው በስም ይመድብ፤ «ጽሕፈት ቤቱ ይከታተለዋል» ከተባለ ማንም አይከታተለውም።

እኛንም አስቡን። ሰው ሲሞት ድንኳንና ወንበር ለማድረስ ሰዓታት አይፈጅብንም፤ ታሞ ሲወጣ ግን የሚነግረን የለም። ቤት ለቤት እየሄዱ የሚጠይቁ አባላት ለመመደብ ጠቅላላ ጉባኤያችን ተስማምቷል። ያለ ታማሚው ፈቃድ ግን ምንም ነገር አይነገረን፤ ሰፈር ወሬ ይወዳል። አሠራሩን በወረዳችን ለመሞከር ከሁለታችሁም አንድ አንድ ሰው ላኩልን፤ የእድሩ አዳራሽ ከሰንበት በቀር ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የእድሩ ሰብሳቢ