ድሮኑ አያጎነብስም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ድሮን ላይ በተጫነ ሌዘር መሬት ለክቶ የጎርፍ ካርታ ስለመሥራት ያወጣችሁትን ዘገባ ቡና ይዤ ነበር የማነበው። ድሬዳዋ ስትነሳ ደስ አለኝ። ከዚያ «ከሌዘሩ የሚሰወር የውኃ መንገድ የለም» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ቡናዬን አስቀመጥኩ።

አቦ ተዉን!

መሣሪያው ጎበዝ ነው፤ አልክድም። በሰከንድ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር የጨረር ምት ወደ ታች ይለቃል፤ ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ የመሬቱን ከፍታ ያወጣል። ቢሳሳት በጥቂት ሳንቲሜትር ነው። በነፃ የሚገኘው የሳተላይት የከፍታ ካርታ 30 ሜትር በ30 ሜትር ያለውን ሁሉ አንድ ነጥብ ያደርገዋል፤ እኔን፣ ጎረቤቴንና አጥራችንን ጠፍጥፎ። ግን ሌዘር አስፋልት አይበሳም። ከመንገዱ ሥር ያለውን ቱቦ አያይም። ሰው ቱቦውን ፈልጎ ካላስገባለት ኮምፒውተሩ መንገዱን እንደ ግድብ ይቆጥረዋል። ውኃው ከመንገዱ በላይ ይተኛል፣ ከበታች ያለነው በካርታው ላይ ደረቅ ነን።

እኔ ከበታች ነኝ። አምና ክረምት በዚያው ቱቦ የመጣ ውኃ ፍራሼን፣ የልጄን ደብተርና ሦስት ዶሮ ወሰደ። አቤት ያልኩበት ቢሮ ካርታ ዘርግቶ «እዚህ ስጋት የለም» አለኝ። ሱሪዬ እየተንጠባጠበ ደረቅ ነህ ተባልኩ! (ቱቦው በፌስታል ሲደፈን ደግሞ ተራው የላይኞቹ ነው።)

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የዴቻቱ ወንዝ ግን አያሳስቅም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ጎርፉ የተነሣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ከወረደ ዝናብ ነው። ከተማዋን ብቻ በሌዘር ብትለኩ የላዩን ዝናብ ማን ይነግራችኋል? የወንዙ አሸዋም ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይገለባበጣል፤ የዘንድሮ ልኬት ለከርሞ አይሆንም።

ዘጋቢያችሁ ሦስት ባለሙያ ሲያናግር ከዴቻቱ ዳር አንድ ሰው አጣ። የሰፈሬ የአፈተኢሳ እናቶች ያን ሌሊት ውኃው እስከ የት እንደወጣ ግድግዳው ላይ በጣታቸው ያሳዩት ነበር። ያውም ቻርጅ ሳይደረጉ።

አሁንም ከክረምቱ በፊት ብቅ ይበል። የቱቦው አፍ ከግቢዬ ፊት ለፊት ነው። ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል፤ የእጅ ባትሪ እኔ አለኝ።

የአፈተኢሳ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ