ጉዳዩ፦ የአይጠ መጎጥ መኖ በኪሎ መሸጥ ያቆምንበትን ምክንያት ስለማሳወቅ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለእባቦቻችሁ ቀለብ የሚሆኑ አይጠ መጎጦችን በቤታችሁ የምታረቡ ብዙዎቻችሁ፣ ከተከፈተ ከረጢት መኖ መዝነን መሸጥ ለምን እንዳቆምን ጠይቃችሁናል። ከእንግዲህ የምንሸጠው ከፋብሪካ እንደታሸገ የመጣ፣ የምርት ቀኑና የመለያ ቁጥሩ የሚነበብ ከረጢት ብቻ ነው። ውሳኔው ጥቂት አይጦች ብቻ ያሏችሁን እንደሚያስቸግር ስለምናውቅ ምክንያታችንን በዝርዝር ልንገልጽላችሁ ወደድን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ሻጋታ ነው። በቆሎና ለውዝ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሲቀመጡ፣ አስፐርጊለስ የተባሉ የሻጋታ ዓይነቶች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጩባቸው ይችላሉ፤ ይህ መርዝ ሊታወቅ የበቃውም እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት ወፎች በተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ከሞቱ በኋላ ነበር። መኖውን ማብሰል መርዙን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋውም፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሻጋታው እንዳይስፋፋ ያግዝ እንደሆነ እንጂ የተመረተውን መርዝ አስወግዷል ብሎ መተማመን አይቻልም። እህሉ ተፈጭቶ በፔሌት (በትንንሽ ደረቅ እንክብል) መልክ ከተጨመቀ በኋላ ደግሞ ሻጋታው ለዓይን ላይታይ ስለሚችል፣ «አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚለው ማረጋገጫ ብዙም አያስተማምንም።

አይጥ ማስመለስ አትችልም፤ የበላችው መርዝ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለም። አፍላቶክሲን በተለይ ጉበትን ይጎዳል፤ መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ግን እንስሳዋ እየበላችና እየተንቀሳቀሰች ጤነኛ ልትመስል ትችላለች። ፉዛሪየም ከሚባለው ሻጋታ የሚገኘው ዚራሌኖን የተባለ መርዝ ደግሞ ኢስትሮጅን እንደተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚሠራ የመራባት ሂደትን ያውካል። በመሆኑም ችግሩ አስቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ በእርባታ መዝገባችሁ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ወሊድ የሚገኙት ግልገሎች ቁጥር ይቀንሳል፣ ወይም 21 ቀን ገደማ ሞልቷቸው ጡት ከመጣላቸው በፊት ይሞታሉ። በእኛ አስተያየት አርቢዎች በዚህ ጊዜ ጥፋቱን በወንዱ ወይም በዝርያው ላይ ለማላከክ ይቸኩላሉ፤ መኖውን የሚመረምር ጥቂት ነው። እባብ ደግሞ አይጧን ከነጉበቷና በሆዷ ካለው መኖ ጋር ስለሚውጥ፣ በመኖው ውስጥ የነበረው ችግር ወደ እርሱ የሚሻገርበት ዕድል አለ።

ክፍት ሆኖ የቆየ ከረጢት የዱር አይጦችንም ይጋብዛል። እነርሱ በሽንታቸውና በኩሳቸው ሳልሞኔላና ሌፕቶስፓይራ የተባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ሊያስገቡ ይችላሉ፤ ሳልሞኔላ ለሰውም የሚተርፍ ሲሆን በፍሪዘር ማቆየት አይገድለውም፤ ስለዚህ የቀዘቀዙ አይጦችን የሰው ምግብ በሚዘጋጅበት ስፍራ አታቅልጡ። የዱር አይጦችን ለመከላከል ብላችሁም መርዝ በእርባታው ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች በበላቻቸው አይጥ ጉበት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ እባቡንም ሊጎዱት ይችላሉ። የዶሮ መኖ የምትጠቀሙም ብትኖሩ፣ የኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን) መድኃኒት የተቀላቀለበት አለመሆኑን ከማሸጊያው ጽሑፍ አረጋግጡ።

መኖውን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ክዳኑ ግጥም በሚል የብረት ዕቃ ውስጥ፣ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ አስቀምጡት፤ አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን በላዩ አትገልብጡ። የከረጢቱን መለያ ጽሑፍ ከመጣላችሁ በፊት ቁጥሩን በምታቀዘቅዟቸው አይጦች ማሸጊያ ላይ ጻፉት፤ ከእያንዳንዱ ከረጢትም አንድ እፍኝ አሽጋችሁ በፍሪዘር ብታቆዩ፣ ጥርጣሬ ሲነሳ ለላቦራቶሪ የሚሰጥ ናሙና አይጠፋም።

አንድን መኖ ከጠረጠራችሁ ከጥሩ መኖ ጋር በመቀላቀል መርዙን ለመቀነስ አትሞክሩ፤ ሙሉ በሙሉ አቁሙት። ያንን የበሉ አይጦችንም፣ የቀዘቀዙትን ጭምር፣ የእንስሳት ሐኪም እስክታማክሩ ድረስ ለእባቦቻችሁ አትስጡ። መኖው ከእኛ የተገዛ ከሆነ የመለያ ቁጥሩን አሳውቁን፤ ከዚያው ምርት የገዙትን ሌሎች ደንበኞች ወዲያውኑ እናስጠነቅቃለን፣ ያልተከፈቱ ከረጢቶችንም ተቀብለን ገንዘባችሁን እንመልሳለን።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አመራር