«ያስታውሳሉ?» አትበያቸው

ይድረስ ለልጄ፣

ለገና መጥተሽ ከእማማ ጋር ሦስት ሳምንት እንደምትቀመጪ፣ ታሪካቸውንም እንደምትጽፊ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። ግን ስልክሽን ደቅነሽ «እማማ፣ የሠርግዎን ዕለት ያስታውሳሉ?» ብለሽ እንዳትጀምሪ። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ለእሳቸው ይህ ፈተና ነው። መልሱ ሲጠፋባቸው ያፍራሉ፤ ካፈሩ ዝም ይላሉ፤ ያን ቀን ሌላ ቃል አታገኚም።

የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው። ለዚህ ነው የዛሬ ቁርሳቸውን ረስተው የልጅነት ወንዛቸውን የሚተርኩት። እጅ የለመደው ሥራና በቃል የተያዘ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ጀምሪ። ባዘቶና እንዝርት አስይዣቸውና ምንም ሳትጠይቂ አጠገባቸው ተቀመጪ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ክሩ መሳብ ሲጀምር አፋቸውም ይፈታል። «ፈተል ማን አስተማረዎት?» የሚለው ያኔ ይምጣ። ጠይቀሽም ቶሎ አትቀጥዪ፤ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። መልሱ ሲንፏቀቅ ይመጣል፣ አቋርጠሽ ሌላ ጥያቄ ከደረብሽበት ግን ሁለቱም ይጠፋሉ። «ተረት ተረት» ስትያቸው «የላም በረት» ይሉሻል፤ ተረቱን ባይጨርሱት እንኳ ጨዋታው ተከፍቷል።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቂ። ሰው በደንብ ይዞት የሚቆየው በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያየውን ነው። እማማ 1935 ተወልደዋልና የንጉሡ ኢዮቤልዩ (1948) እና የታኅሣሥ ግርግር (1953) ለእሳቸው ቅርብ ናቸው። «ግርግሩ ጊዜ ሰዉ ምን ይል ነበር?» ብትያቸው ይሻላል።

ሰዓቱ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ይሁን፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ብዙ ሕሙማን ይረበሻሉና ያን ሰዓት ለቡና ተዪው። መነጽራቸውን ማድረጋቸውን አረጋግጪ፤ ቴሌቪዥኑንም አጥፊ።

አጻጻፉ ላይ አደራ የምልሽ አለ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ያዢ፤ በአንድ ገጽ አንድ ትዝታ ብቻ፣ ፊደሉ ጉልህ ሆኖ። የወሎ አማርኛቸውን አታርሚ፤ ከአፋቸው እንደወጣ እንዲያው ጻፊው። ሁለት ሠርግ ቢያደባልቁም እንዳሉት ይጻፍ፤ አንጎል የጎደለውን ሲሞላ ነው እንጂ ውሸት አይደለም። አክስትሽ የምታውቀውን በሌላ ቀለም ኅዳጉ ላይ ታስፍር፤ ለእሳቸው ግን ኅዳጉን አታንብቢ። በማግስቱ የትናንቱን ገጽ አንብቢላቸውና መሃል ላይ ቁሚ። ከዚያ እሳቸው ይቀጥሉታል፤ አዲሱ ገጽ የሚወለደው እንዲያ ነው። ፎቶ ካሳየሽም ቅጂውን፣ አንድ በአንድ፤ ጀርባው ላይ ስም፣ ዝምድናና ቦታ ይጻፍበት።

«እናቴ ትጠብቀኛለች፣ ልሂድ» ሲሉሽ «ሞተዋል እኮ» አትበይ። ለእሳቸው ዛሬ የተሰማ መርዶ ይሆናል፣ ነገም ሌላ መርዶ። «እናትዎ ምን ዓይነት ሴት ናቸው?» በያቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሄዱ ይቀርና ወሬው ይጀመራል። ፊታቸው የሚጠቁርበት ነገር ከተነሣ ግን አትጎትቺው፣ እጃቸውን ያዢ። ያ ትዝታ እሳቸው በሚነበብላቸው ደብተር ውስጥ አይግባ።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 የአረጋውያን ያለፈን ማውሳት ከንቱ ልፍለፋ አለመሆኑን ጽፎ ነበር። እኛ ቤት «ጃጁ» የሚለው ቃል እንዳይነሣ የምቆጣውም ለዚሁ ነው። ደብተሩ ሕመሙን አያድንም። የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው ልጅ ግን ገጾቹን ስታነብ ማንን እንደምታጎርስ ታውቃለች፤ እንቢ ሲሉም በምን እንደምታባብላቸው ታገኝበታለች።

አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ፦ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ ከተጋቡ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ የመርሳት በሽታው ባሰበት ብለሽ አትተዪው። የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የውሃ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ያኑ ቀን ሐኪም ይያቸው።

ባዘቶውን ከመርካቶ እኔ አመጣለሁ። እንዝርቱ የራሳቸው፣ አሮጌው ይሁን፤ አዲስ አትግዢ፣ ሚዛኑ ለእጃቸው እንግዳ ይሆናል።

አባትሽ