ለአባላት፦ በደሴ አሮጌው መናፈሻ ጉዳይ ነዋሪውን ስናነጋግር

ውድ አባላት፣

አሮጌውን መናፈሻ ስለማልማት ነዋሪውን ልታነጋግሩ ስትወጡ ያለቀ ንድፍ ይዛችሁ አትሂዱ። ሰው ያማረ ሥዕል ካየ «ይሄማ ተወስኗል» ብሎ ዝም ይላል። የአሁኑን ግቢ ካርታ ብቻ በትልቅ ወረቀት አሳትማችሁ ያዙ፤ ሰዉ በእስክሪብቶ ይጻፍበት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚገባ ከሰፈሩ አዛውንቶች በላይ የሚያውቅ የለም፤ እነሱ ያስምሩት። «መናፈሻው ይልማ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንቢ የሚል አይገኝም። «ባለፈው ሳምንት ለምን ገባችሁ? ከስንት ሰዓት በኋላ ያስፈራል?» በሉ።

ዓርብ በጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ስብሰባ አይጠራ። ዕድር ላይ የሚመጡት በአብዛኛው አባወራዎች ናቸው። ስለዚህ በዕድር ብቻ አትወሰኑ፤ ሊስትሮዎቹንና የጀበና ቡና ሻጮቹን እዚያው በሥራቸው ቦታ አነጋግሩ፤ ግቢው ሲታጠር ቀድመው የሚባረሩት እነሱ ናቸውና።

ዛፎቹ ላይ ጠንከር በሉ። ውሃ የሚስበው ሥር አብዛኛው ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ከቅርንጫፉ ጥላም አልፎ ይሄዳል። ኮብልስቶን እስከ ግንዱ ድረስ ሲነጠፍ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ አየር ያጣል። ዛፉ ግን ወዲያው አይደርቅም፤ ከዓመታት በኋላ ከጫፉ ይጀምራል፣ ያኔ «አርጅቶ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። ነዋሪው የእግረኛ መንገድ ሲጠይቅ ይህን አውቆ ይምረጥ። ትልልቆቹን ወይራና ጥዶች አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ።

የተቃወመ ሰው ቃል ሳይለሰልስ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይግባ። ማስፈረም ግዴታ አይሁን፤ ብዙ ሰው ፊርማ ይፈራል። የተባለው ሁሉ በ15 ቀን ውስጥ መናፈሻው በር ላይ ይለጠፍ፣ ያልተቀበልነውም ከነምክንያቱ።