«ሃ ራብዕ» አለ አባዬ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሙዚቃና ስለ ልጆች አእምሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሕፃናትን የሞዛርትን ክላሲካል ሙዚቃ ማሰማት ጎበዝ ያደርጋቸዋል በሚለው አልተስማማሁም። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ጎጃም ተወልዶ፣ በ6 ዓመቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። አምና ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፣ አንደበቱም ተያዘ። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ በዓይኑ ይመልስልናል። ቃል ግን አይወጣውም። ስሜን ሊጠራ ይጀምርና ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በንዴት በግራ እጁ አልጋውን ይመታል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ከረምን።

አንድ ማታ ልጄ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ፊደል ያጠናል። አንደኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት የተሰጠውን ወረቀት እያየ ያነባል፣ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ አሁንም ይሳሳታል። እማዬ ከጓዳ ሰማችውና «እንዲያ አይደለም የኔ ጌታ፣ በዜማ በለው» ብላ ጀመረችለት። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ...» ወጡ ሊያርርባት ሆነና አቋርጣ ሮጠች። ልጁ ቀጣዩን አያውቀውም፣ ዝም አለ። ያኔ ከአልጋው በኩል «ሃ ራብዕ» የሚል ድምፅ መጣ። ሻካራ ነው፣ ግን ጥርት ያለ ነው። «ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ።» እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ልጄ ምንም አልገረመውም፣ «አባባ፣ ቀጥል!» አለው። ቀጠለ። እስከ «መ» ድረስ ሄዱ።

በማግስቱ አባዬን ለሚከታተለው ፊዚዮቴራፒስት እያለቀስኩ ነገርኩት። እሱ ብዙም አልደነቀውም። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚያቀናጀው የአንጎል ክፍል በግራ በኩል ነው አለኝ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ይህንን ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። አባዬን የመታው እዚያው ነው፤ ግራው አንጎል የሚያዘው ቀኝ ጎንን ስለሆነ ቀኝ እጁም አብሮ ተያዘ። ዜማ ግን አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ቀኙም ግራውም የአንጎል ክፍል ይሠራበታል፣ በልጅነት ሺህ ጊዜ የተባለ ነገር ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ስለዚህ መናገር ያቃተው ሰው ሲዘምር ይገኛል። በዚህ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች ሜሎዲክ ኢንቶኔሽን ቴራፒ የሚባል፣ ንግግርን በዜማ የሚያለማምድ ሕክምና አወጡ። አሜሪካዊቷ የምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ እ.ኤ.አ. በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት ተመትታ ንግግር ሲጠፋባት፣ ከሕክምናዋ አንዱ ዜማ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቱ አሠራሩን ቤት ውስጥ እንድንለማመደው አሳየን። ግራ እጁን ትይዣለሽ፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገሽ ትመቺለታለሽ፣ አጭር ነገር ከፍ ዝቅ እያደረግሽ አብረሽው ትያለሽ። «ው-ሃ ስ-ጪኝ።» መጀመሪያ አብሮ፣ ከዚያ ግማሹን ትተሽለት፣ ከዚያ እሱ ብቻውን፣ ከዚያ ዜማውን እየቀነስሽ ወደ ተራ ንግግር። ያወቀውን ዘፈን መዝፈኑ ብቻውን ንግግር አይመልስም፣ ይህንን ጠበቅ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ ሥራው ያለው ዜማውን ለዕለት ተዕለት ቃል መወጣጫ ማድረጉ ላይ ነው። የሚረዳው ዜማው ነው ወይስ ምቱ የሚለው ደግሞ እስካሁን ተመራማሪዎችን ያከራክራል። እኔን አላከራከረኝም። አባዬ በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ጠየቀኝ። ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ማቀበሉን ረሳሁት።

አሁን ወደ ሞዛርት። ያ ሁሉ ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተሠራ አንድ ትንሽ ጥናት ነው። የተጠኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ አንድም ሕፃን የለበትም። ለ10 ደቂቃ ሞዛርት ሰምተው፣ ወረቀት ሲታጠፍና ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል በሐሳብ የመገመት ፈተና ላይ ትንሽ የተሻለ ሠሩ። ውጤቱም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። ከዚያ ወሬው ከጥናቱ ቀድሞ ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዢ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ክላሲካል ሙዚቃ ለማደል 105,000 ዶላር እስከ መጠየቅ ደረሰ። በኋላ ሌሎች ሲመረምሩት፣ ሰውን የሚያነቃቃና ደስ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ ለጊዜው ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርግ ታየ። እናቶች ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። እሹሩሩ በሉላቸው።

መስማትና መሥራት ይለያያሉ፣ ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ኒና ክራውስ የምትባል የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በችግረኛ ሰፈር የሚኖሩና ነፃ የሙዚቃ ትምህርት የሚያገኙ ልጆችን ከባልደረቦቿ ጋር ተከታተለች። በአንድ ዓመት ምንም ለውጥ አልታየም። በሁለት ዓመት ግን የልጆቹ አንጎል «ባ» እና «ጋ»ን የመሰሉ ተቀራራቢ ድምፆችን በደንብ መለየት ጀመረ። ሁለት ዓመት ነው፣ ያውም በእጃቸው እየተጫወቱ። ይህንን ሳነብ ልጄ «ተ»ን ከ«ጠ» እያምታታ የሚያነባት ወረቀት ነው ትዝ ያለችኝ። ለንባብ የሚያስፈልገው ጆሮና ለዜማ የሚያስፈልገው ጆሮ አንድ ጆሮ ነው።

የኛ አባቶች ይህንን ያለ ማሽን ያወቁት ይመስለኛል። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው። አንድ የ6 ዓመት ልጅ ይህንን ሁሉ እንዴት ይይዘዋል? በዜማ፣ በሰባት በሰባት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ። ዓይኑ፣ ጣቱ፣ ድምፁ አንድ ላይ ይሠራሉ። «ልጁ ዝም ብሎ ይሸመድዳል እንጂ አያውቀውም» የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፣ እንዲያ ይሆናል። ለዚያም መላ ነበራቸው። አቡጊዳ የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ቅደም ተከተሉን ያፈርሰዋል፣ በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ቁርኣን የሚቀሩ ልጆችም ከዜማ ጋር ነው የሚያድጉት። ከ60 ዓመት በላይ አልፎ፣ ስትሮክ ስሙን እንኳ ከአፉ ሲወስድበት፣ አባዬ ጋ የቀረው ያ በስንደዶ የተነካ ፊደል ነው።

እንግዲህ እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አለ፣ በወረቀት ላይ አለ። ከኅዳር ወዲህ አንድም ቀን አልተሰጠም። ፈተና ሲደርስ የሒሳብ ማካካሻ ይሆናል፣ ፈተና ሲያልፍ መምህር የለም ይባላል። ሄጄ ስጠይቅ «እማማ፣ እሱ እኮ መዝናኛ ነው፣ ዋናው ትምህርት ይቅደም» ተባልኩ። አስተማሪዎቹ ላይ አልፈርድም፣ 60 ልጅ ይዘው ነው የሚውሉት። ግን ለዜማ ፒያኖ አያስፈልግም። መሣሪያ ግዙ አላልኩም። ጠዋት 10 ደቂቃ ፊደሉን በዜማ፣ የማባዣ ሠንጠረዡን በጭብጨባ፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ከበሮ የሚያውቅ ወላጅ ቢጠሩ ማን እምቢ ይላል? እኔ ራሴ ከበሮ እመታለሁ፣ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ። ይህንን ደብዳቤ ካወጣችሁልኝ ጋዜጣውን ይዤ እገባለሁ፣ ካላወጣችሁትም በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ትናንት ማታ ለእማዬ ስለ ስብሰባው ሳወራ አባዬ ሰማኝና በግራ እጁ አልጋውን መታ መታ አደረገ። የተናደደ መስሎኝ ዞር አልኩ። እጁ ምቱን እየጠበቀ ነበር። «እ-መ-ጣ-ለሁ» አለኝ፣ «ጣ» ላይ ከፍ አድርጎ።

አንባቢያችሁ
ከጎፋ፣ አዲስ አበባ