ስለ ኤሲው ቱቦ፦ ከድሬዳዋ ለሐረሩ ወንድሜ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ከሁለት ዓመት በላይ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ተቀይሜህ አልነበረም፤ ነገ ነገ ስል ጊዜው ሄደብኝ፣ ኋላም ማፈሩ ራሱ ሌላ መዘግየት ሆነ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው ሳምንት ከሐረር የወረደው ወዳጃችን ያጫወተኝ ነገር ነው። የገዛሃት አሮጌ ቶዮታ ራዲያተሯ ሲቀየር የኤሲ ቱቦዎቿ ተፈትተው እንደቀሩና አንተም በግቢህ ራስህ ልትገጥማቸው እንዳሰብክ ነገረኝ። በሐረር አየር ኤሲ ምን ይሠራል የሚልህ ሰው ካለ፣ በሰኔ ቀትር የዴንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ወርዶ አያውቅም።

ይህንኑ ሥራ እኔ ከዚራ ባለው ግቢያችን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ በመጀመሪያው አበላሸሁት፣ በሁለተኛው ተሳካልኝ። መካኒኩ ቱቦዎቹን ፈትቶ አፋቸውን ሳይሸፍን ለሦስት ሳምንት ትቷቸው ነበር። እኔም አሮጌዎቹን ኦሪንጎች፣ ማለትም የመጋጠሚያውን የጎማ ቀለበቶች፣ መልሼ፣ ጉልበት የሚያዋጣ መስሎኝ ዳዶውን እስከ መጨረሻው አጠበቅኩት። በአራተኛው ቀን ከኤሲው የሚወጣው ነፋስ ከድሬ ነፋስ የማይለይ ሆነ። ይባስ ብሎ፣ በአንድ ቁልፍ ብቻ ስታገል ለስላሳው የአልሙኒየም ቱቦ ተጣሞ ነበር።

የሳትኩትን ነገር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። እዚህ መጋጠሚያ ላይ ጋዙን የሚያግደው የዳዶው ጥርስ ሳይሆን በሁለቱ ብረቶች መካከል በልክ የሚጨመቀው ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከተጠማዘዘ፣ ከደረቀ ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተቀመጠችበት የቱንም ያህል ብታጠብቅ ጋዙ መንገድ ያገኛል፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ደግሞ ጎማውን ይቆርጠዋል። ቴፍሎን መጠቅለልም ቦታው አይደለም።

ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሰህ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር የቱቦዎቹን አፍ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኖ ማሰር ነው። የኤሲ ዘይት እርጥበት ይወዳል፤ እርጥበቱ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፣ በማስፋፊያው ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳም በረዶ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። እርጥበት የሚመጥጠው ድራየር ቱቦው ለረጅም ጊዜ ክፍት ከነበረ ጠግቧልና ለአዲሱ ገንዘብ አትሰስት። ኦሪንጎቹንም በልካቸው አዲስ ግዛ፤ ስትገዛ ለአር 134 ኤ ጋዝ የሚሆን መሆኑን ጠይቅ፣ በቀለሙ ብቻ አትመን። አሮጌዎቹን ከተቀመጡበት ቦይ ስታወጣ በካቻቢቴ ብረቱን አትጫር፤ በጥፍር የሚሰማህ ጭረት ለጋዝ በር ነው። አዲሱን ለኮምፕሬሰሩ በተወሰነው ዘይት አርሰህ አስገባ፤ ግራሶና የሞተር ዘይት አይሆኑም። ቱቦውን ቀጥ አድርገህ በእጅህ እስኪገባ ድረስ ግፋው፤ ዳዶውንም መጀመሪያ በጣትህ አዙር። በሁለት ቁልፍ ስትጨርስ በአንደኛው ቱቦውን ያዝ፣ በሌላው ዳዶውን አዙር። በአንድ ቡሎን የሚታሰረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ፊቶች እኩል እስኪነካኩ ድረስ ቡሎኑን አትቸኩልበት።

እጅህ ሊሠራው የሚችለው እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን መሣሪያ ላለው ሰው ተወው። ሌላ ያልተፈታ መጋጠሚያ ካለ ደግሞ አትንካው። አር 134 ኤ በተራ የአየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነውና ዓይንህንና ቆዳህን በቅዝቃዜው በቅጽበት ያቃጥላል፤ አየር ላይ ሲለቀቅም ከባቢ አየርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይብሳል። ፍሳሽ ለመፈለግ ሳሙና የሚቀቡት ናይትሮጅን ሞልተው ነው፤ ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሊፈነዳ ስለሚችል ማንም «ይሠራል» ቢልህ አትስማው።

ቫኪዩሙን፣ ማለትም ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ከቱቦዎቹ አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ መምጠጡን፣ በተመለከተ አንድ ነገር ላክልበት፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነበር። መመሪያዎች የግፊት መለኪያው መርፌ 29 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ይድረስ የሚሉት በባሕር ጠለል ላለ ሰው ነው። በድሬዳዋ ከፍታ፣ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ፓምፑ ፍጹም ቢሠራም መርፌው 26 አካባቢ ይቆማል፤ በሐረር ደግሞ 24 አካባቢ። እኔ 29 አልደረሰም ብዬ ግማሽ ቀን የሌለ ፍሳሽ ስፈልግ ዋልኩ። ፓምፑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ ቫልቮቹ ተዘግተው መርፌው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ጠብቅ። በቀትር ብታሠራው ይመረጣል፤ ሙቀቱ ውስጥ የቀረውን እርጥበት በቶሎ ያተናል። የጋዙም መጠን በግምት አይሁን፤ ብዙውን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ምልክት ላይ በግራም ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ በሚዛን ይሞላ።

የሚስማሙህን ኦሪንጎች ከሐረር ካጣህ የአሮጌዎቹን ናሙና ላክልኝ፤ እዚህ ታይዋን ገበያ ፈልጌ በመጀመሪያው መኪና እሰድልሃለሁ። ያን ቀን ግን ፓምፑ ከቆመ ከ30 ደቂቃ በኋላ መርፌው የት ላይ እንዳለ ጻፍልኝ፤ መልስህን አንተ እንዳታዘገየው።

ወንድምህ፣
ከድሬዳዋ