ርችት ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ «ርችት ብር ማቃጠል ነው» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። በበዓል ዋዜማ ጎረምሶች ሰው እግር ሥር የሚወረውሩትን ማለታቸው ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ በፈነዳ ቁጥር ትበረግጋለች። ግን ሌላም ርችት አለ።

ጃፓን ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ የርችት ወቅት ነው። ሙቀቱ ያው የኛው የድሬዳዋ ዓይነት ወበቅ ነው። ሰዉ ዩካታ የሚባለውን ስስ የጥጥ ልብስ ለብሶ፣ በጊዜ ወንዝ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ ቦታ ይይዛል። ርችቱ ሲፈነዳ «ታማያ! ካጊያ!» ብሎ መጮህ የቆየ ልማድ ነው። የድሮ ርችት ሠሪ ቤቶች ስም ነው። ታማያ እ.ኤ.አ. በ1843 እሳት አስነስቶ ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተባሯል፤ ስሙን ግን እስከ ዛሬ ይጠሩለታል። ጉድ እኮ ነው!

እኔን የያዘኝ ግን የናጋኦካ ከተማ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1945፣ ከምሽቱ 4:30 ላይ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቦምብ አዘነቡባት። ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው አለቀ። አሁን በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያችው ሰዓት ነጭ ርችት ይተኩሳሉ። ሌላ ቀለም የለውም። ትልቁ ትርኢት የሚመጣው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ያኔ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት የርችት ኳስ ሰማይ ላይ ስትከፈት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ትሸፍናለች። መጀመሪያ ለቅሶው፣ ከዚያ ጭፈራው።

እኛስ? የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ሰፈሬ ወንዙ ዳር ነው። ጎረቤቴ የነበረች ጉልት ነጋዴ ሁለት ልጆቿን ወስዶባታል። ዛሬ የወንዙ አሸዋ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ስጠይቃቸው «ጎርፍ ነበር አሉ» ብለው ወደ ኳሳቸው ይመለሳሉ። ማን ነግሯቸው ይወቁ?

ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩን የምጠይቀው፣ ያ ሌሊት በየዓመቱ ሲመጣ ሦስት ነጭ ርችት እንዲተኮስ ነው። ሦስት ብቻ። ቀድሞ ቄሱ ይጸልዩ፣ ሼኩ ዱዓ ያድርጉ። የሟቾቹ ስም ይነበብ። ወጪው ለአንድ ስብሰባ ሻይ ቡና ከሚወጣው ይበልጣል ብዬ አላስብም። ታዲያ የሚተኮሰው ከአሸዋው ላይ እንዳይሆን፤ ክረምት ነው፣ ደቻቱ አይታመንም።

ድልድዩም ይታሰብበት። እ.ኤ.አ. በ2001 አካሺ በምትባል የጃፓን ከተማ፣ ርችት ሊያይ የወጣ ሕዝብ የእግረኛ ድልድይ ላይ ተጨናንቆ 11 ሰው ሞቷል። 9ኙ ልጆች ነበሩ። በዚያ ምሽት ድልድዮቻችን ቀደም ብለው ይዘጉ፤ ወንዙ የሚለያቸው ሰፈሮች ሰው በየራሱ በኩል፣ የከዚራ ሰው ከከዚራ፣ የመጋላም ከመጋላ ሆኖ ይመልከት።

አንባቢያችሁ ከደቻቱ ዳር፣ ድሬዳዋ